ስድስት እንግዳና አንድ ጥናት

ደብዳቤው፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚሁ በአንድ ኮሌጅ ታሪክ የማስተምር ነኝ። የታሪክ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ዘንድሮ በእኛ ከተማ ከጥር 7 እስከ 9 ይካሄዳል፤ ጥምቀት ሊገባ ሲል ማለት ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥናት እንዳቀርብ ተቀብለውኛል። ጥናቴ በጎንደር ዘመን ብራናዎች ኅዳግ ላይ ስለተጻፉ የመሬት ውሎችና በውሎቹ ውስጥ ስማቸው ስለሚገኝ ሴቶች ነው። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። አዘጋጆቹ ‹የአገሩ ልጅ ነሽ› ብለው መስተንግዶ ኮሚቴ ውስጥ ከተቱኝ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ስድስት ሆነው ‹አንቺ እያለሽማ ሆቴል አንይዝም› ብለው ደውለዋል፤ ግንቡንም ብራናዎቹንም እንዳሳያቸው ይፈልጋሉ። አማቴ እንግዳ ይመጣል ሲባሉ ዶሮ መቁጠር ጀምረዋል። ጥናቴን የማቀርበው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከተማ ሊያይ በሚበተንበት ሰዓት ነው። ባለቤቴ ‹ለሃያ ደቂቃ ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሻል?› ይለኛል። ምን ላድርግ? ምንስ ልልበስ?

እንግዳ የበዛብኝ፣ ከጎንደር»

መልስ፦

እንግዳ የበዛብሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብሁት። ስለ ጥናትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ የቀረውን ሁሉ ለእንግዶችሽ ሰጥተሻል። ጭንቀትሽ ከዚያ ነው የሚመጣው። ባለቤትሽንም ብዙ አልወቅሰውም፤ ቤቱ ውስጥ ሲወራ የሚሰማው ስለ ፍራሽና ስለ ዶሮ ከሆነ፣ ጥናቱ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢመስለው ምን ይደንቃል? ያቺ ሃያ ደቂቃ ስንት ዓመት እንደፈጀችብሽ ግን እሱም ያውቃል። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አቧራ ለብሰሽ ስትመለሺ በር የከፈተልሽ እሱ ነው። ይህንኑ አስታውሺውና ለሦስቱ ቀን ልጆቹንና ቤቱን እንዲይዝልሽ ጠይቂው። በግልጽ ካልተጠየቀ ማንም አይገባውም።

አሁን ወደ ኮሚቴው። «የአገሩ ልጅ ነሽ» የምትለዋን ምክንያት እስኪ እያት። በዚያ ጉባኤ ዝግጅት ውስጥ ጎንደር የተወለደ ወንድ የለም? አለ እንጂ። እሱ የውይይት መሪ ወይም የመክፈቻው አስተዋዋቂ ሆኗል ብዬ ብወራረድ የምከስር አይመስለኝም። ሴት ስትሆኚ የአገር ልጅነትሽ ፈጥኖ ወደ ጀበና ይዞርብሻል። ይህን ግን ለእነሱ ለማስረዳት አትድከሚ፤ ክርክር ከገጠምሽ «ኧረ እኛ አክብረንሽ ነው!» ይሉሽና አንቺው ይቅርታ ጠይቀሽ ትወጫለሽ። መርሐ ግብሩን አትመሽ፣ ስምሽ ያለበትን መስመር በእስክሪብቶ አስምረሽ፣ ሰብሳቢው ዘንድ ሂጂ። «ጥር 7 ጠዋት ምዝገባው ላይ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ይያዘው፤ እኔ አቅራቢ ነኝ» በዪው። የተስማማችሁበትንም በዚያው ቀን በአጭር መልእክት ጻፊለት፤ በቃል የተባለ ነገር የጉባኤ ዋዜማ ላይ ይረሳል።

ምዝገባውን ያዥ ማለቴ ለእነሱ አዝኜ አይደለም። የጉባኤውን ሰው ሁሉ ፊት ለፊት የምታገኚበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ስሙን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ብቻ የምታውቂው ሰው የስም ካርዱን ከእጅሽ ይቀበላል። «ጥር 9 ከሰዓት በመሬት ውሎች ላይ አቀርባለሁ፤ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል» የምትዪው ያኔ ነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ በሰው ተከቦ ሲቆም አታገኚውም። ደግሞ ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ ንግሥ ነው። ግማሹ ተሳታፊ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ሳያይ፣ ታቦት ሳይሸኝ አዳራሽ አይገባም፤ ምዝገባው እስከ እኩለ ቀን እንደሚጎተት ከአሁኑ ለሰብሳቢው ንገሪው። የአገር ልጅነት ለጉባኤ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ወደ ስድስቱ ጓደኞችሽ ልምጣ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ እንደሚጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው እንደሚሰቀል አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ የምታስተናግጂያቸው ከሆነ እሺ፣ ካልሆነም ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ጥር ከገባ በኋላ «አልተመቸኝም» ማለት ነው በደሉ። «ቤቴ ጠባብ ነው» አትበያቸው፤ ጎንደሬ ቤቴ ጠበበ ሲል ማን አምኖት ያውቃል? «ግድ የለም፣ መሬት እንተኛለን» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። እውነቱን ንገሪያቸው፦ «ጥር 9 ጥናት አቀርባለሁ፤ እስከዚያ ቤቴ የሥራ ቦታዬ ነው።» እነሱም የሙያው ሰዎች ስለሆኑ ይህ ይገባቸዋል፤ ያልገባው ካለ ችግሩ የእሱ ነው። በጣም የምትቀራረቢያቸው ሁለቱ ቢያርፉብሽ አይከብድም። ለአራቱ ከፒያሳ ራቅ ብሎ፣ ማራኪ ሰፈር ወይም በአዘዞ መንገድ ያለ ማረፊያ ደውለሽ አፈላልጊላቸው፤ ባጃጅ አለ። ለነገሩ አበል ተቀብለው የሚመጡ ናቸው፤ ተመልሰው የአልጋ ደረሰኝ ማወራረድ ይኖርባቸዋል፤ አንቺ ቤት ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥም። በመኪና እንመጣለን የሚሉ ካሉ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ እንዳይነሡ አደራ በያቸው።

አማትሽን ግን እንዳታስቀይሚያቸው። እንግዳ መጥቶ በልቶ ካልሄደ የሚታሙት እሳቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም፤ ዶሮ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ድግሱን አትከልክዪ፣ ቀኑን አዛውሪው። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ገሃዱም ይጾማል። ጥር 11 ማንም ቤቱ አይገኝም። ጥር 12 ግን ቃና ዘገሊላ ነው። «እማዬ፣ በሠርጉ ቀን ይሁንልን» ብትያቸው እምቢ የሚሉበት አንደበት አያገኙም። አንቺ ያኔ ጥናትሽን ጨርሰሻል፤ ከእንግዶቹም አበሉ ያለቀበት ሄዶ የሚወድሽ ይቀራል። ሌላም ልንገርሽ፤ ጥር 9 ከሰዓት አማትሽን አዳራሹ ውስጥ አስቀምጫቸው። ጥናትሽ የርስት ነገር ነው፣ ጎንደር ያረጁ እናት ደግሞ በርስት ነገር ከማንም አያንሱም። የቀኑ ከባድ ጥያቄ ከእሳቸው ቢመጣ አይግረምሽ።

ስለ ጉብኝቱ ዘለግ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ የዚህ ጉባኤ ባላንጣ ግንቡ ነውና። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀምሮ፣ ኋላ ኒስም ፓሪስም ኪዮቶም ደርሷል። በእነዚያ ከተሞች ሊቃውንቱ ሁሉ ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ ቢሉኝ አላምንም፤ ሾልከው በመውጣታቸውም አልፈርድባቸውም። የታሪክ ሰው ዓመት ሙሉ ያስተማረው ግንብ ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ እያየው እንዴት ብሎ ይቀመጣል? ከከተማው ጋር ግብግብ አትግጠሚ፤ ቀድመሽ አሳያቸው። ተሳታፊው የሚገባው ጥር 6 ነው፤ ያን ቀን ከሰዓት ስብሰባ የለም። ጓደኞችሽን፣ ሌላም መምጣት የሚፈልግ ካለ፣ ያኔ አዙሪያቸው። ጥር 9 ላይ «ግንቡን ሳላይ ልመለስ ነው» የሚል ሰበብ አይኖራቸውም።

ፋሲል ግቢ ስትገቡ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙና ክፈሉት። «አንቺ እያለሽ ምን ያደርግልናል?» ይሉሻል። ያደርግላችኋል። ልጆቹ ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ጠፍቶባቸው የቆዩ ናቸው፤ የጥምቀት ሰሞን ለእነሱ የዓመት እንጀራ ነው። ደግሞም እሱ ሲያስረዳ አንቺ ነፃ ትሆኛለሽ፤ መጠየቅና መከራከር ትችያለሽ። «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚባለው ወሬ መነሣቱ አይቀርም። ያኔ ተወያዩበት። አፄ ፋሲል እኮ በ1630ዎቹ መጀመሪያ ኢየሱሳውያንን፣ ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች የነበሩትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ በ1636 ነው (ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እያልሁሽ ነው)። በ1648 ከየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ግንበኛ ሕንዳዊ እንደነበረ ጽፎ ትቶልናል። በሌላ ወገን ጎርጎራ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ በድንጋይና በኖራ የሠሩት አለ፤ ያንን ያየ የአገሬው ግንበኛ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ወይ? ስድስት የታሪክ መምህራን ግንቡ ሥር ቆመው በዚህ ቢሟገቱ ከብዙ የአዳራሽ ውይይት ይበልጣል። አስጎብኚውንም አታሳፍሩት፤ የሰማውን ነው የሚናገረው፣ ግማሹን ደግሞ ከእኛው መምህራን ነው የሰማው።

የታላቁ ኢያሱ ግንብ ለረጅም ዘመን ያለ ጣሪያ ቆሞ ኖሯል። ግማሹን የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ግማሹን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጎድቶታል። ከግቢው ወጥታችሁ ፒያሳ ቡና ስትጠጡ የምታዩዋቸው ሕንፃዎችም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሠርተው የተዉት ነው፤ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ሽንፈት ቀምሶ በኅዳር 1941 እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አትቆሙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁስቋም መድረስ አለባችሁ።

ቁስቋምን መጨረሻ ያደረግሁት ላንቺ ብዬ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1730 ሲነግሥ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር ያስተዳደሩ፣ ኋላም እዚያ ተራራ ሥር ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የተቀመጡ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ያረፈው በእሳቸው ዘንድ ነበር። እንግዶችሽ ፍርስራሹ ውስጥ እየዞሩ ስለ እቴጌዋ ሲያደንቁ ዝም ብለሽ ቆዪ። ከዚያ «ዘውድ ያልጫኑት የጎንደር ሴቶችስ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ምናልባት አንዱ ትከሻውን ይነቀንቅ ይሆናል። መልሱ ጥር 9 ከሰዓት እንደሆነ ነግረሽ ወደ ባጃጁ ምሪያቸው። ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይሻላል።

ብራናዎቹን ግን አታሳዪ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን የከፈቱልሽ አንቺን፣ ወላጆችሽን፣ ደብዳቤ የጻፈልሽን ኮሌጅ አይተው ነው። ስድስት ሰው ከነስልኩ አሰልፈሽ ብትሄጂ እምነቱን ታጎድያለሽ፤ በሩም የሚዘጋው ባንቺ ላይ ብቻ ሳይሆን ከኋላሽ በሚመጣው ተማሪ ላይም ነው። የካህናቱ ሥጋት ደግሞ መሠረት የሌለው አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸውን መጻሕፍት በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው፤ ዛሬ 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ በጎብኚ ሻንጣ የወጣውን ደግሞ ቤቱ ይቁጠረው። ስለዚህ ያነሣሻቸውን ፎቶዎችም በቴሌግራም አትላኪላቸው። አዳራሽ ውስጥ የምታሳዪውን ገጽ እንኳ ጥር ሳይገባ ለቄሰ ገበዙ አሳይተሽ አስፈቅጂ፤ ሲያቀርቡ ይምጡልኝ ብለሽም ጥሪያቸው። ጓደኛሽ ቢቆጣ፣ ራሱ በሚሠራበት አገር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲህ እንዲያደርግ ምከሪው።

አሁን ወደ ሰዓትሽ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ለአዲስ ሰው የሚጣል ፍርፋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲለወጥልሽ አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ ምክንያትሽን ጠቅሰሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ተዪው፤ ሰው ፊት እያነሣሽ አታማርሪ። የሚመጣልሽ ሰው ጥቂት ይሆናል፣ ግን የመጣው ሁሉ ጉዳዩን ፈልጎ የመጣ ነው። ከኋላሽ የሚጠብቅ አቅራቢ ስለሌለም ውይይቱ አይቋረጥብሽም።

ሃያ ደቂቃ ከተሰጠሽ ለአሥራ አምስት ተዘጋጂ፤ ከፊትሽ የሚናገረው ሰው አምስቱን መብላቱ አይቀርም። «የጥናቱ መነሻ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ የጥናቱ ዘዴ» እያልሽ አትጀምሪ፤ እሱን የሚወድ ሰው ጽሑፉን ያንብብ። አንዲት ሴት ይዘሽ ግቢ። ስሟ ማን ነው፣ የቱን መሬት ሸጠች ወይም ገዛች፣ ስንት ወቄት ወርቅ ወይም ስንት አሞሌ ጨው ተቀበለች፣ እነማን መሰከሩላት። ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ብዙዎቹ። ሴት ልጅ ርስት እንደምትወርስ ሁሉም በጥቅሉ ያውቃል፤ ስሟን ከነምስክሮቿ ሲሰማ ግን አዳራሹ ስልኩን ያስቀምጣል።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ የሠራውን፣ ስለ ሴቶቹ ንብረትና ሙግት የጻፈውንም፣ እዚያ የሚቀመጡት አንጋፋዎች አንብበውታል። እሱ ካለው ላይ የምትጨምሪውን ወይም የምታፈርሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመሽ ተናገሪ። አለዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆናል፣ አንቺም በመከላከል ትጀምሪያለሽ። ዓመተ ምሕረቱንም ጠንቀቅ በዪ፤ ከፈረንጆቹ አቆጣጠር ጋር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ልዩነት አለ። ወር ያልተጻፈበት ውል ሲያጋጥምሽ በአንድ ቁጥር አትሞግቺ። በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሪ መጀመሪያ ላይ አስታውቂና እስከ መጨረሻው እሱን ያዢ። ውሎቹን በወረቀት አትመሽ ያዢ፤ ፕሮጀክተሩ እንቢ ቢል፣ መብራትም ቢጠፋ ማቅረብ አለብሽ።

ጥያቄ ሰዓት ላይ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ የሚነሣ አንጋፋ አይጠፋም። ከራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ጀምሮ ይነግርሻል። አታቋርጪው፣ አትሽቆጥቆጪለትም። እስክሪብቶ ይዘሽ ከተናገረው ውስጥ የምትመልሺው አንድ ነገር ፈልጊ፤ አንዱን መልሺና «አመሰግናለሁ» ብለሽ ወደሚቀጥለው እጅ ዙሪ። አንዱ ደግሞ «ይህ የሴቶች ጉዳይ እንጂ ዋናው ታሪክ አይደለም» ሊልሽ ይችላል። አትቆጪ። ከውሉ ግርጌ በምስክርነት የተዘረዘሩትን ሹማምንት ስም አንብቢለትና፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሥራ ፈትተው እዚያ እንደተቀመጡ መልሰሽ ጠይቂው።

በቀሩት ክፍለ ጊዜያት ሁሉንም ለመስማት አትሩጪ። ከሥራሽ ጋር የሚገናኙትን ምረጪ፣ ለሌላው ሰዓት ከቤተ መዛግብትና ከቤተ መጻሕፍት የመጡትን ሰዎች ፈልገሽ ተዋወቂ፤ የሚቀጥለው ሰነድሽ ያለው እነሱ እጅ ነው።

የልብሱን ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። የአገር ልብስሽን ለጥር 11 አስቀምጪው። በጉባኤው ቀን ጥለት ቀሚስ ለብሰሽ በር ላይ ከቆምሽ፣ ገቢው ሁሉ ሽንት ቤቱና ሻይ ቡናው የት እንደሆነ አንቺን ይጠይቃል፤ አንዳንዱም የጠጣበትን ሲኒ ያቀብልሻል። የጥር ጠዋት ይበርዳልና ኮት ደርቢ፤ ቁስቋም ዳገት ስለሆነ ጥር 6 ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ። የስም ካርድሽን ሦስቱንም ቀን ከአንገትሽ አታውልቂ፣ «አቅራቢ» የሚለው ጽሑፍ በደንብ እንዲታይ ሆኖ ካልታተመም ጥር 7 ጠዋት ምዝገባው ላይ ስትቀመጪ በማርከር ጻፊበት።